ወርቁ ሳይያዝ ሰም አይቀልጥም
(ስለ ልብ ወለድ ዕቅድ፣ ከጎጃም የጽሑፍ ታሪክ)

ክረምቱ ሲገባ አንድ ልብ ወለድ ጽፈን እንጨርሳለን ብለን ስንቶቻችን ተወራርደናል! ወረቀቱ ይገዛል፤ በቀን ይህን ያህል ገጽ ተብሎ ይቆረጣል። ታሪኩስ? «እሱ ሲጻፍ ይመጣል» ይባላል። ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን አይመጣም ባይ ነኝ። ቢመጣም የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖ ነው፤ አንዲት ቆንጆ፣ አንድ ሀብታም ተቀናቃኝ፣ መጨረሻ ላይ የመኪና አደጋ። ይህንን ደግሞ ሁላችንም አንብበነዋል።

በባሕር ማዶም እንዲህ ያለው ውርርድ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች በአንድ ወር ልብ ወለድ ለመጻፍ ተነሡ። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር 50,000 ቃል መጻፍ ደንብ ሆነ፤ በቀን 1,667 ቃል ግድም ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ በሁለት ጎራ ይከፈሉ ነበር፤ አንዱ አስቀድሞ ያቅዳል፣ ሌላው ብዕሩ ወደመራው ይነጉዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ከቅኔ ቤት ሲንከባለል የመጣ ነው። በምዕራብ ጎጃም የዋሸራን ስም ያልሰማ ማን አለ? የቅኔ ተማሪ ወረቀትና ብዕር ይዞ አይጀምርም፤ ቅኔ ይቆጥራል። ይህም ማለት ከሰው ተለይቶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ምሥጢሩን በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ሰሙና ወርቁ ተስማምተው ቤቱ ሲሞላለት መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩም ያርማል፤ ካልሆነም ያፈርሰዋል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያ ቀን መወድስ ልቁጠር የሚል ደፋር የለም። እኛ ግን አንድ አጭር ልብ ወለድ ሳንጨርስ 300 ገጽ እናቅዳለን!

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜም ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰሙ ቢቀድምም ወርቁ አስቀድሞ በእጅ መኖር አለበት። ወርቅ የሌለው አንጥረኛ ሰም ቢያቀልጥ የሚተርፈው ባዶ ጭቃ ነው።

ከዚህ የቅኔ አገር የወጡ ሁለት ደራስያንን እንይ። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስንና ዲማን በመሳሰሉ የጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሰሙን ማንም ያውቀዋል፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ወርቁስ? ዘርን ቆጥሮ ሰውን የሚመዝን፣ ገበሬውንም ከደንቡ በላይ አምጣ የሚል ሥርዓት መፍረሱ አይቀርም የሚለው ሐሳብ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ቢሆንም ይህ ወርቅ አልተበተነም። በዛብህ ገና ነፍስ ሳያውቅ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል፤ ስለዚህ ሲያፈቅር አስቀድሞ ታስሯል ማለት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለዘር ሲሉ የሚያግቱት፣ ገበሬውን ደግሞ ለክብር ሲሉ የሚወጉት በዚያው በአንድ ትዕቢት ነው። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት ይማርኳቸዋል። ከዚህ ውስጥ የገበሬዎቹን ዓመፅ ብናወጣው ፍቅሩ ብቻውን ተራ ለቅሶ ሆኖ ይቀራል።

አቤ ጉበኛ ደግሞ የምዕራብ ጎጃም፣ የአቸፈር ሰው ናቸው። እሳቸውም በቅኔ ቤት አልፈዋል። በ1955 ዓ.ም. ያሳተሙት «አልወለድም» ሰሙ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ በማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ከእናቱ ጋር ይሟገታል። ወርቁ ግን ከመንገድ የተለቀመ ነው፤ ድሃ ሆኖ መወለድ በዚህ አገር ምን ያስገኛል? መጽሐፉ መታገዱ ወርቁ በሚገባ እንደታየ ይመሰክራል። አስተውሉ! አንዱ ደራሲ ነፍስ ሳያውቅ የተሰጠ ልጅ ይዘው ተነሡ፣ ሌላው አልወለድም የሚል ፅንስ። ሰሙ ለየቅል፣ ጥያቄው ግን ጎረቤት ነው፤ ሰው ራሱ ባልመረጠው ዕጣ እስከ መቼ ይገዛል?

ታሪክም ብዙ አልዘገየም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የሰማው እንደ ግብር ብቻ አልነበረም፤ መሬት ይለካል ሲባል ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ሠጋ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራ ቀረ። ሐዲስ ነቢይ ሆነው አይደለም። ወርቁን ከሚያውቁት አፈር ስለቆፈሩት ነው እንጂ!

እንግዲህ ለእኛስ? ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር የመጣ ተማሪ ታሪክ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው እናስብ፤ በ1960 ዓ.ም. በአንድ የቡሬ መንደር ፊደል የቆጠረ ብቸኛ ወጣት ነው። የአዋጁ ወረቀት ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ «በል አንብብልን» ይሉታል። እንደተጻፈው ቢያነብ አባቱ ጠመንጃ ያነሣል፤ አለሳልሶ ቢያነብ መንደሩን ከድቷል። ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል? የመረጠውን ቢመርጥ ምን ያጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በልቡ የቆጠረ ጸሐፊ ዕቅዱን ይዟል። ምዕራፉንና ገጹን ከዚያ በኋላ ይከፋፍል።

«ዕቅድ ስሜትን ያስራል» የሚል ወገን አይጠፋም። መልሱ ከቅኔ ቤት ይገኛል፤ ቤት አለው ተብሎ ቅኔ አልታሰረም፤ እንዲያውም የሚደነቀው በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ሰፊ ምሥጢር ሲገባ ነው። በመንገድ ላይ ሰሙ ቢለወጥ ችግር የለም፤ ወጣቱ ፀሐፊ መሆኑ ቀርቶ ካህን ይሁን፣ ወይም እኅቱ ትሁን። ወርቁን ግን አንልቀቅ።

ስለዚህ ወረቀቱ ከመገዛቱ በፊት ጥቂት ቀን ቅኔ እንደሚቆጥር ተማሪ ዝም ብለን እንቀመጥ። ከዚያም የቆጠርነውን ለአንድ ምሕረት የለሽ ጓደኛ እንንገረው። ካፈረሰው እሰየው! በ200ኛው ገጽ ከሚፈርስ አሁን ይፍረስ።