አትክልት ሊያድን የመጣው ተኩላ

ግዙፉ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ የኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ትውልዱ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ። በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፣ ያገኘውን ቅጠል ይበላል። በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሰላማዊ ውቅያኖስ መሀል ያለችው ታሂቲ ደረሰ። ሰው ነዋ ያመጣው፤ ቀንድ አውጣ ውቅያኖስ አይዋኝም። ብዙም ሳይቆይ ጓሮውን ሁሉ ወረረው።

መፍትሔ የተባለው ደግሞ የፍሎሪዳው “ተኩላ” ነበር፦ የሌሎችን የልጋግ ዱካ ተከትሎ የሚያድን ሥጋ በል ቀንድ አውጣ። ሃዋይ በ1955 ሞክራዋለች፤ ግዙፉ ግን አልጠፋላትም። ታሂቲ ይህ እየታየ በ1974 አስገባችው፣ ጎረቤቷ ሞሬያ በ1977።

ተኩላው ትንንሾቹ ላይ ዘመተ። ፓርቱላ ይባላሉ፤ ጥፍር የሚያካክሉ፣ ዛፍ ላይ የሚኖሩ፣ የማንንም ሰብል የማይነኩ። እንቁላል አይጥሉም፣ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚወልዱት፤ ታዲያ በምን ፍጥነት ይተኩ? የደሴቶቹ ሴቶች በዛጎላቸው የአንገት ጌጥ ይሠሩ ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ክራምፕተን ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ሊረዳ ከየሸለቆው እየለቀመ ሲለካቸው ዓመታት ፈጅቷል።

በ1987 ከሞሬያ 7 ዝርያዎች አንድም ዱር ውስጥ አልተገኘም። 10 ዓመት ብቻ! አንዳንዶቹን ግን ሳይንቲስቶች ቀድመው ወስደዋቸው ነበር፤ ለንደንን በመሳሰሉ ከተሞች መካነ እንስሳት ውስጥ በሣጥን ተራቡ። ከ2015 ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ደሴቶቹ ተመልሰዋል። ተኩላውም እዚያው ነው።