ከመዝገቡ የጠፋው ፍርሃት

በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ያሳተመው ጽሑፍ የኦቲዝም የልደት ምስክር ወረቀት ተደርጎ ይቆጠራል። ከጽሑፉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ልጆቹ ከሰው መራቃቸውንና አንድን ነገር መደጋገማቸውን ነው። ቀረብ ብሎ ላነበበው ግን ፍርሃትም በየቦታው አለ። አንዱን ልጅ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ያሸብረዋል። ሌሎቹን ሊፍት፣ የቤት መጥረጊያ ማሽን፣ የሚወርድ ውኃ፣ የእንቁላል መምቻ ሳይቀር ያስደነግጣቸዋል። የለመዱት ነገር ሳይለወጥ እንዲቆይ የሚይዛቸውን ግትርነትም ካነር የገለጸው ከጭንቀት ጋር አያይዞ ነው። ዛሬ «ኦቲዝም ያለበት ልጅ የአእምሮ ጤናም ያሳስበናል» ስንል አዲስ ግኝት እናስመስለዋለን እንጂ፣ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ሰነድ ላይ አለ።

ታዲያ ፍርሃቱ የት ገባ? ካነር ሁኔታው ከልጁ ጋር የሚወለድ መሆኑን በ1943 ቢጽፍም፣ በዚያው ጽሑፍ የወላጆችን ቅዝቃዜም አንሥቷል። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጥፋቱን በግልጽ ከእናት ጫንቃ ላይ ጫኑት። ይህን ክስ በ1964 በመጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። በዚያ ሁሉ ሙግት እናት ተከሳሽ ሆና ስትቆም፣ ብስክሌት የሚያሸብረውን ልጅ የጠየቀው አልነበረም።

በአዲስ አበባም ታሪኩን ወደ አደባባይ ያወጣው የሐኪም ጽሑፍ ሳይሆን የእናት ሥራ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበትና የሚመች ትምህርት ቤት ስላላገኙለት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ስለ እኚህ ሴት ሲነገር ሁልጊዜ የሚቀድመው ጽናታቸው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ዘዴያቸው ነው። ልጆችን ለማናገር የተጠቀሙት ፊደልን ነበር፤ ስሙንም «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» አሉት። የአማርኛ ፊደል ለዚህ ይመቻል፤ ከ«በ» እስከ «ቦ» ሰባቱም ድምፆች በተርታ ሲወርዱ አፍ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚገጥም ልጁ በዓይኑ ይከተላል። ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። ካነር ልጆቹ የሙጥኝ ይሉታል ያለው ያው አለመለወጥ እዚህ የመማሪያ መሣሪያ ሆነ። ይህን ማያያዝ የኔ ንባብ ነው። ወ/ሮ ዘሚ በ2021 በኮሮና አረፉ።

ቁጥር የመጣው ዘግይቶ ነው። ደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቋል። ልጆቹ ሁሉ ኦቲዝም ያለባቸው አልነበሩም፤ አኃዙ ሲጠቀስ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። 40.2 በመቶው ምክንያቱን ከመንፈስ ልክፍት፣ 27.5 በመቶው ከኃጢአት ጋር አያያዙት። አንዱ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጥ ስለነበር፣ በወሊድ ጊዜ ችግር ወይም በጭንቅላት ጉዳት የመጣ ነው የሚሉም ጥቂት አልነበሩም። ከሁሉም በላይ የጎደለን ያሉት የልጃቸውን ትምህርት ነው፤ 74.5 በመቶ።

የሕግ ሰነዶችም አሉ። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጎረቤቷ ጅቡቲ በ2012 አጽድቀዋል። ጅቡቲ በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ኤጀንሲ አቋቁማለች። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ግን በጅቡቲ ከተማ ሙቀት ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ የሚቀመጠውን ልጅ መፈለግ ከንቱ ነው።

የ2016ቱ ጥናትም ቢሆን የጠየቀው አሳዳጊዎችን ነው። ኀፍረቱ የአሳዳጊ፣ ማብራሪያውም የአሳዳጊ ነው። ልጁ ሌሊት ለምን እንደሚነቃ፣ ጩኸት ሲሰማ ለምን ራሱን እንደሚመታ፣ መንገድ ሲቀየርበት ለምን እንደሚያለቅስ ከመጠይቁ ውጭ ቀርቷል። ይህን የምታውቀው እናቱ ናት፤ ግን ማንም አልጠየቃትም።