የቮልስ ሞተር ሲጠገን አልፈታ ያለውን ብሎን ሳይሰብሩ ማውጣት

ብዙ ሰዎች ቮልስ ለመጠገን ቀላል ናት ይላሉ። እውነት ነው፣ ሞተሯን ከመኪናው ጋር አስሮ የያዘው አራት ብሎን ብቻ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ሞተር ያወረድኩት በግማሽ ቀን ነው። ጣጣው የመጣው መሬት ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ነበር። የመጨረሻዋ አሮጌው ሞዴል ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2003) ሲሆን፣ እዚህ አገር የምናያቸው አብዛኞቹ ግን ከእሷ በብዙ ዓመት ይበልጣሉ። ስለዚህ ብሎን ሁሉ በእጅ ይፈታል ብሎ መጀመር አይቻልም።

ጉልበት ከመጠቀም በፊት ዕቃው ለምን እንደጠበቀ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ፋብሪካው ራሱ አጥብቆ ያሰረው ነው፤ አንዳንዱን ዝገት ይዞታል፤ ሌላው ደግሞ ተለክቶ በጥብቅ የተገጠመ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ፋብሪካው ካጠበቃቸው ውስጥ ዋናው ቮላኖውን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚይዘው ባለ 36 ሚሊ ሜትር ትልቁ ዳዶ ነው። የታሰረው በ35 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ነው፤ ማለትም አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደመጫን ነው። ሲፈታ ዓመታት ስለተጨመሩበት ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቢያጥቡት ብዙ አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ቮላኖው እንዳይዞር በደንብ መያዝ ነው። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት የፍሪሲዮን ሽፋን በሚታሰርባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ይታሰርና ጫፉ መሬት ላይ እንዲደገፍ ይደረጋል። ከዚያ በረጅም ቧንቧ ቀስ እያሉ ይጫኑታል። ካቻቢቴ ቮላኖው ጥርስ ውስጥ ሰክተው የሚታገሉ አሉ፤ ጥርሱ ከተሰበረ ሞተሪኖው መያዝ ስለሚያቅተው ይህን አልመክርም። ቮላኖው ሲወጣ ከኋላው ያሉትን ሦስት ስስ ቀለበቶች ይጠብቋቸው። የክራንክ ሻፍቱን የፊትና የኋላ ጨዋታ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ልኩም ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ዝገት የያዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የቀጣኝ የጭስ ማውጫው ዳዶ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን ጭስ ማውጫውን የሚይዙት 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ራስ የሌላቸው የብረት ብሎኖች ናቸው። እሳቱና ውኃው ዘመን ሙሉ ተፈራርቆባቸዋል። እኔ ቸኩዬ በረጅም መፍቻ ሳብኩት፤ ቀጭ አለና ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ነበር። ዳዶው ራሱ ዋጋው ምንም አይደለም፣ ቴስታታ ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ዳዶውን በሽቦ ብሩሽ እጠርግና ዘይት ጠብ እያደረግኩ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ እገፋዋለሁ፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ከዚያ ሩብ ዙር ፈትቼ መልሼ አጠብቃለሁ፣ እንደገና ዘይት። አሁንም እምቢ ካለ ዳዶውን ብቻ በእሳት አሞቀዋለሁ፤ ዳዶው ከብሎኑ ቀድሞ ሲሰፋ ይላቀቃል። ትኩስ እያለ ሻማ ቢያስነኩት ሰሙ ቀልጦ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ተሰብሮም ጫፉ ወደ ውጪ ከወጣ ወዲያው መቦርቦር አያስፈልግም። አዲስ ዳዶ አልብሶ በብየዳ ማያያዝ ይቻላል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል።

እሳት ካልኩ ዘንድ አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ግድ ነው። የቮልስ ሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ቤንዚኑ ተጠርጎ ሳያልቅ እሳት አያቅርቡ፤ የተፋቀ ፍርፋሪ ካለም ይጥረጉ። ማግኒዚየም ከተያያዘ በኋላ ውኃ መድፋት እሳቱን ያብሰዋል። አጠገብዎ ደረቅ አሸዋ በባልዲ ይኑር።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ በሞቀበት ጥርሱም ለስላሳ ስለሚሆን ከካንዴላው ጋር ተላጦ ሊወጣ ይችላል። ከጠበቀ እንደ ዳዶው ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ይባላል።

ተለክተው ከተገጠሙት ውስጥ ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያገናኘው ስፒኖቶ አለ። በመዶሻ የሚመቱት ብዙ ናቸው፤ ቢዬላውን የሚያጣምሙትም እነሱ ናቸው። ፒስተኑን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማሞቅ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በጣት ግፊት ይንሸራተታል። ቴስታታው ከሲሊንደሮቹ ላይ አልነሳ ካለም በክንፎቹ መካከል ካቻቢቴ አይሰኩ፤ በጎማ መዶሻ ጎን ጎኑን ይንኩት።

ሲገጥሙ ለጭስ ማውጫው ብሎኖች የመዳብ ግራሶ በስሱ ይቀቡ። የቮላኖው ዳዶ ግን በቶርክ ሬንች መታሰር አለበት። ያ ከሌለ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ የሚመዝን ነገር ቢያንጠለጥሉ፣ የቧንቧውን የራሱን ክብደት ትንሽ ቀንሰው፣ ወደ ልኩ ይጠጋሉ። እኔ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ነው ያንጠለጠልኩት።