ታቦት በመጋዘን፦ ፊልም ከእምነት የተዋሰው ምልክት

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የከተማው ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስያሜው ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ሆኖም ስሙን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር አልሳቱም፤ ይኸውም በጨለማ አዳራሽ ውስጥ የሌለውን እንዳለ፣ የሞተውን እንደ ሕያው አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ከመንፈስ ዓለም ጉዳይ ጋር መነካካቱ እንደማይቀር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የፊልም ታሪክ፣ በተለይም ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ምናባዊ ጀብዱ የሚባሉት ዘርፎች ጉዞ፣ ይህንኑ ይመሰክራል። ስለ ሮቦትና ስለ ጠፈር መርከብ የሚተርኩት ፊልሞች ከመሲሕ፣ ከትንሣኤ፣ ከባቤልና ከጽዮን ርቀው አያውቁም። ጥያቄው እነዚህን ምልክቶች ለምን እንደሚዋሱና የተዋሱትን ምን እንደሚያደርጉት ነው።

የዘርፉ ቀደምት ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ነው። ይህ ድምፅ አልባ ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 በበርሊን ለሕዝብ ቀረበ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ባለጠጎቹ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ፣ ሠራተኞቹ ከምድር በታች በሚኖሩባት በዚህች የወደፊት ከተማ፣ ማሪያ የምትባል ወጣት በዋሻ ውስጥ ለተሰበሰቡ ድካሞች የባቤልን ግንብ ታሪክ ትሰብካለች። የከተማይቱ ገዥ ልጅ ግዙፉን ማሽን ሲመለከት ሰው የሚሠዋለት ጥንታዊው ጣዖት ሞሎክ ሆኖ ይታየዋል። በማሪያ አምሳል የተሠራችው ሰው ሠራሽ ሴት ደግሞ በዮሐንስ ራእይ በአውሬው ላይ የተቀመጠችውን የባቢሎን ጋለሞታ መስላ ትቀርባለች። የፋብሪካው ፍርሃት አዲስ ነበር፤ ፍርሃቱ የተነገረበት ቋንቋ ግን የነቢያት ቋንቋ ነው።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ፍርሃቱ መልኩን ቀየረ። አሜሪካ በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ጥላለች፤ ሶቪየት ኅብረትም በ1949 የራሷን ሞክራለች። በ1951 የወጣው የሮበርት ዋይዝ ፊልም «ምድር የቆመችበት ቀን» ከሌላ ዓለም የመጣ ክላቱ የተባለ መልእክተኛ በዋሽንግተን ሲያርፍ ያሳያል። መልእክተኛው በሰዎች መካከል ሲመላለስ «ካርፔንተር» የሚል ስም ይይዛል፤ ትርጉሙም አናጢ ማለት ነው። ሰላምን ይሰብካል፣ ወታደሮች ይገድሉታል፣ ከሞት ይነሣል፣ ለሰው ልጆች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወደ ሰማይ ያርጋል። ተምሳሌቱ ሆን ተብሎ የገባ መሆኑን የፊልሙ ጸሐፊ ኤድመንድ ኖርዝ ቆይቶ ተናግሯል። የሆሊውድን ፊልሞች ይዘት ይቆጣጠር የነበረው ቢሮም ምልክቱን አላጣውም፤ ከሞት የማስነሣት ሥልጣን የሁሉን ቻይ መንፈስ ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ ንግግር በፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ሆነ። ሰማያዊው እንግዳ እንደ ክርስቶስ ሊታይ ይችላል፣ ክርስቶስን ሊተካ ግን አይገባም ማለታቸው ነበር።

ይህ ድንበር በ1970ዎቹ ላላ። ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ»ን በ1977 ለእይታ ሲያበቃ አሜሪካ ከቬትናም ጦርነት ሽንፈትና ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን መውረድ ገና ያላገገመች አገር ነበረች። ሉካስ በልዩ ልዩ ሕዝቦች አፈ ታሪክ ላይ የተመራመረውን የጆሴፍ ካምቤልን ሥራ አጥንቶ ነበርና ከአንድ ሃይማኖት አልቀዳም። ፍጥረትን ሁሉ የሚያስተሳስረው «ኃይል»፣ እንደ መነኮሳት ለሥርዓት የተገዙት ጄዳዮች፣ የወደቀውና በመጨረሻ የሚመለሰው አባት፣ እነዚህ ሁሉ ከብዙ ምንጭ የተውጣጡ ናቸው። ሉካስ ዓላማው ወጣቶችን ወደ አንድ የተወሰነ ሃይማኖት መምራት ሳይሆን ስለ አምላክና ስለ ምሥጢር እንዲጠይቁ ማነሣሣት መሆኑን ገልጿል። ውጤቱ ግን ከጥያቄ አልፎ ሄደ። በ2001 በእንግሊዝና በዌልስ በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 390,000 ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸውን «ጄዳይ» ብለው ሞሉ። አብዛኛው ቀልድ እንደነበረ አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ ሰው በእምነቱ ቦታ ላይ የፊልም ስም ለቀልድ እንኳ መጻፉ፣ ያ ቦታ ምን ያህል ባዶ ሆኖ እንደነበር ያመለክታል።

እስከዚህ ድረስ የተዋሱት ምልክቶች የመላው ዓለም ቅርስ ናቸው ቢባል ያስኬዳል። በ1981 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ግን ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ነገር አለው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በቃል ኪዳኑ ታቦት ላይ ነውና። ፊልሙ ታቦቱን የሚያስፈልገው በግብፅ፣ በጣኒስ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ለዚህም መነሻ ያደረገው ሱስቀም የተባለው የግብፅ ንጉሥ ኢየሩሳሌምን መዝረፉን የሚናገረውን የመጽሐፈ ነገሥት ታሪክ ነው፤ ምንም እንኳ መጽሐፉ ከተዘረፉት ንብረቶች መካከል ታቦቱን በስም ባይጠራም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ግን ታቦተ ጽዮን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷን ይተርካል። የአክሱም ጽዮን ምእመናን ዛሬም ድረስ የሚያምኑት ይህንኑ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ዓመት 1936 ነው። የሂትለር ሰዎች ታቦቱን የማይበገር የጦር መሣሪያ ሊያደርጉት በአሸዋ ውስጥ ይቆፍራሉ። ይህ ዓመት በእውነተኛው ታሪክ የሙሶሊኒ ሠራዊት አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት ፋሺስቶች ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን ነቅለው ወደ ሮም ወሰዱት፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ በቦታው የተተከለው በ2008 ነው። የሆሊውድ ካሜራ ቅዱስ ዕቃ ዘራፊዎችን በምናብ ግብፅ ሲከታተል፣ እውነተኛዎቹ ዘራፊዎች የሠሩት ሥራ በሮም አደባባይ ቆሞ ይታይ ነበር።

የሆነ ሆኖ ፊልሙ አንድ ነገር ተረድቷል። ታቦቱ ሲከፈት አፍጥጠው የሚመለከቱት ሁሉ በእሳት ይጠፋሉ፤ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሁለቱ ብቻ ይተርፋሉ። ታቦት በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ከመቅደስ የሚወጣበትን፣ ካህናት በራሳቸው የሚሸከሙትንና ምእመናን በእልልታ የሚያጅቡትን የጥምቀት በዓል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንም። ቅድስና ባለማየት እንደሚከበር ፊልሙ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መጨረሻ ግን ይህን መረዳት ይሽረዋል። ታቦቱ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማለቂያ በሌለው የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ከሺህ ሣጥኖች ጋር ይደረደራል። የሚያጥንለት ካህን፣ የሚሳለመው ሕዝብ የለም።

ይህ ትዕይንት በፊልም ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከዘረፈ በኋላ ታቦታት ወደ ብሪታንያ ተወስደዋል። በብሪቲሽ ሙዚየም ይዞታ ሥር የሚገኙት 11 ታቦታት ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ የማይገቡበት ዝግ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። አክብሮቱ አይካድም። ነገር ግን ታቦት እንዳይታይ መጠበቅና በሕዝቡ መካከል መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2002 በኤድንብራ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ አንድ ታቦት ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በየመንገዱ ወጥተው የተቀበሉት ለዚህ ነው። አልተገለጠም፣ አልታየም፤ የተመለሰው ወደ ጠባቂዎቹ ነው።

«ጽዮን» የሚለው ስም የተጓዘበት መንገድም ተመሳሳይ ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1930 ዘውድ መጫን ወዲህ በጃማይካ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያን ጽዮን ሲሉ ኢትዮጵያን ማለታቸው ነበር። ዊሊያም ጊብሰን በ1984 ባሳተመው «ኒውሮማንሰር» በተሰኘ ልብ ወለድ ውስጥ ራስ ተፈሪያውያን በጠፈር የሠሩትን መኖሪያ ጽዮን አለው። በ1999 የወጣው «ማትሪክስ» የተሰኘው ፊልም ከዚህ መጽሐፍ ብዙ የተማረ ሲሆን፣ ከኮምፒዩተሮች ባርነት ያመለጡ ሰዎች የሚኖሩባትን የመጨረሻ ከተማ ጽዮን ብሎ ጠራት። አዳኙ ሞቶ ይነሣል፤ ስሟ ሥላሴ ማለት የሆነ ሴት ታጅበዋለች፤ የሚጓዙባት መርከብ ናቡከደነፆር ትባላለች። ሁለተኛው ክፍል በ2003 ሲወጣ የግብፅ ሳንሱር ሃይማኖታዊ ጉዳዮችን መንካቱን አንዱ ምክንያት አድርጎ ከለከለው። ከአክሱም ማርያም ጽዮን የተነሣው ስም በኪንግስተን በኩል አልፎ ሆሊውድ ሲደርስ ሥራው ተለውጧል፤ ተስፋነቱ ግን አልጠፋም።

የምሥራቅ አፍሪካ የፊልም ሠሪዎች በዚህ ዘርፍ መሥራት ሲጀምሩ ያደረጉት ግልባጩን ነው። የኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ አጭር ፊልም «ፑምዚ» (በስዋሂሊ «እስትንፋስ») በ2009 ሲወጣ አዳኝን ከሰማይ አላስጠራም። ውኃ ባለቀበት ዓለም አንዲት ሴት ያገኘችውን ሕይወት ያለው ዘር በበረሃ ትተክላለች፣ የቀራትን ውኃ ታጠጣዋለች፣ በራሷም ገላ ታጠልለዋለች። መሥዋዕትነቱ ለማየት የሚያስደንቅ ተአምር አይደለም፤ ተንበርክኮ የሚሠራ ሥራ ነው።

በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተዘጋጅቶ በ2015 የወጣው የአማርኛ ፊልም «ክራምብስ» (ፍርፋሪ) ደግሞ ነገሩን በቀልድ ገለበጠው። ዓለም ካበቃች በኋላ፣ ከዳሎል ባዕድ መልክዓ ምድር በተቀረጸች ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የምዕራቡ ዓለም የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ዋጋቸው የማይተመን ንዋየ ቅድሳት ሆነዋል። ሰላም ተስፋዬ የተጫወተቻት ሴት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የማይክል ጆርዳንን ምስል መሠዊያ ላይ አስቀምጣ ትጸልያለች። ሆሊውድ የኢትዮጵያን ታቦት የመጋዘን ዕቃ አደረገ፤ በዚህ ፊልም ደግሞ የሆሊውድ ዘመን የመጋዘን ዕቃ በኢትዮጵያ ታቦት ሆነ። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን የሚከተለው ሐሳብ ከባድ ነው። ትርጉሙን የሚያውቁ ሰዎች ካለቁ፣ የትኛውም ዕቃ ሊመለክ፣ የትኛውም ቅዱስ ነገር ሊጣል ይችላል።

እንግዲህ የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ ከ«ሜትሮፖሊስ» እስከ «ክራምብስ» ሲታይ ሲኒማ የእምነት ጠላትም ምትክም ሆኖ አይገኝም። እያንዳንዱ ዘመን ማሽንን፣ አቶምን፣ ኮምፒዩተርን ሲፈራ ፍርሃቱን የሚናገርበት ቃል ያገኘው አባቶች ባቆዩት መዝገብ ውስጥ ነው። ፊልም ያንን ቃል አንሥቶ ሩቅ ያደርሰዋል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉም ያበራዋል። ጾሙን የሚጾም፣ ከበሮውን የሚመታ፣ ለልጁ የሚያወርስ ግን አይደለም። መብራቱ በርቶ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ፣ ምልክቱን የመጠበቁ ሥራ የሚቀረው ለፊልም ሠሪው ሳይሆን ለባለቤቶቹ ነው።