ከሥራ ገበታ ወደ ትምህርት ገበታ፦ የጤና ባለሙያዎች የድኅረ ምረቃ ጉዞ

በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ለዓመታት ያገለገለ ጠቅላላ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ዳግም ተማሪ ለመኾን ሲወስን ውሳኔው የግሉ ብቻ ኾኖ አይቀርም። በሄደበት ጊዜ ሆስፒታሉ ልምድ ያለው ባለሙያ ይጎድለዋል። ተምሮ ሲመለስ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በሪፈር ወደ ሩቅ ከተማ ይላክ የነበረ ታካሚ በቅርቡ ይታከማል። በጤናው ዘርፍ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከሌሎች የሙያ ዘርፎች የሚለየውም ይኸው ነው።

ታሪካዊ መነሻ

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሲነሳ ጎንደር ከቀዳሚዎቹ ትጠቀሳለች። በ1947 ዓ.ም የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ኮሌጁ ከመቋቋሙ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ አካባቢ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፎ ስለነበር፣ ሥልጠናው በገጠሩ ነዋሪ የጤና ችግር ላይ ያተኮረ ነበር።

የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በተደራጀ መልኩ መሰጠት የጀመረው ግን በ1970ዎቹ መባቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ስፔሻሊስት ለመኾን የሚሻ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ዛሬ ጥቁር አንበሳን፣ ቅዱስ ጳውሎስን፣ ጎንደርን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ያሠለጥናሉ።

የትምህርቱ ዓይነቶች

ለሐኪሞች ዋናው መንገድ ሬዚደንሲ የሚባለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ነው። የውስጥ ደዌ ሕክምናና የሕጻናት ሕክምና ሦስት ዓመት ይወስዳሉ። ጠቅላላ ቀዶ ሕክምናና የማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ደግሞ አራት ዓመት ይጠይቃሉ። ከስፔሻሊቲ በኋላ ልብን፣ ኩላሊትን ወይም ካንሰርን በመሰለ አንድ ጠባብ ዘርፍ ላይ የሚያተኩር የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ይከተላል።

ለሌሎች የጤና ባለሙያዎች የሁለተኛ ዲግሪ በሮች ክፍት ናቸው። የኅብረተሰብ ጤና፣ የነርሲንግና የሚድዋይፈሪ ማስተርስ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ይጠናቀቃሉ። ጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥልጠና ወስደው፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱበት የሦስት ዓመት የማስተርስ ፕሮግራምም አለ። ምጥ የጠናባት እናት ረጅም መንገድ ሳትጓዝ እንድትገላገል ያስቻለ በመኾኑ ፋይዳው ከፍተኛ ነው። የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን ከክፍል ውጭ ያሳልፋል፤ ሠልጣኙ ወረርሽኝ ወደተከሰተበት ቦታ ተጉዞ መንስኤውን መመርመርን በተግባር ይማራል።

ከመግባት በፊት

ወደ ሬዚደንሲ የሚገባ ሐኪም የሙያ ፈቃድ ሊኖረውና በጤና ሚኒስቴር የሚዘጋጀውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ሊወስድ ይገባል። ምደባው በውጤቱ፣ በምርጫውና በየትምህርት ክፍሉ ባለው ቦታ ላይ ይመሠረታል። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾች ደግሞ ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ባስጀመረው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋሉ።

ከፈተናው ባልተናነሰ ጊዜ የሚወስደው የሰነድ ጉዳይ ነው። የወጪ መጋራት ግዴታውን ያላጠናቀቀ ባለሙያ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን ለማስላክ ሊቸገር ይችላል። ከመሥሪያ ቤት የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና መልቀቂያ ቀደም ብለው ካልተጠየቁ የምዝገባ ቀን ያልፋል።

በጤና ቢሮ ወይም በሌላ ተቋም ስፖንሰርነት የሚማር ባለሙያ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ውል ይፈርማል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮች በግልጽ ሊታወቁ ይገባል፦ የአገልግሎቱ ዘመን ስንት እንደኾነ፣ የት እንደሚፈጸምና ውሉ ቢፈርስ ምን እንደሚያስከትል። በትምህርቱ ወቅት ደመወዝ መቀጠል አለመቀጠሉም የቤተሰብ ኀላፊነት ላለበት ሰው ቀድሞ የሚጠየቅ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት

አዲስ ሬዚደንት ተማሪም ሠራተኛም ነው። ጠዋት ታካሚዎቹን ቀድሞ ያያል፣ በራውንድ ላይ ለመምህራኑ ያቀርባል፣ ማታ ተረኛ ኾኖ ያድራል፣ በማግሥቱ ሴሚናር ይጠብቀዋል። ትናንት በወረዳው ሆስፒታል የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪ የነበረ ሐኪም ዛሬ በደረጃው የመጨረሻው ተማሪ ይኾናል። ይህን ለውጥ መቀበል ለብዙዎች ከትምህርቱ ይከብዳል።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሌሊት የከበደ ሕመምተኛ ሲመጣ "አያውቅም እንዳልባል" ብሎ ከፍተኛ ሬዚደንቱን ወይም ተረኛውን ስፔሻሊስት ሳይጠራ የሚዘገይ ሠልጣኝ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የሬዚደንሲ ሥርዓት በደረጃ የተዋቀረውም የታችኛው የላይኛውን እንዲጠይቅ ነው፤ በጊዜ መጥራት እንደ ድክመት ሊቆጠር አይገባም። እንቅልፍ ማጣትና ድካም ሲደራረቡ ለትምህርት ክፍሉ ኀላፊ ወይም ለቅርብ ባልደረባ መናገርም እንዲሁ ታካሚውንም ሐኪሙንም ይጠብቃል።

በማስተርስ ትምህርት ፈተናው ሌላ ነው። ከክሊኒክ ለመጣ ባለሙያ ባዮስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ እንግዳ ኾነው ሊታዩት ይችላሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መምረጥን ለሁለተኛው ዓመት የሚተው ተማሪ ጊዜ ያጥረዋል፤ ምክንያቱም በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። የተሻለው ርዕስ ብዙ ጊዜ ተማሪው ከነበረበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚመጣው ነው። እናቶች ክትትል የሚያቋርጡት ለምንድን ነው? የቲቢ መድኃኒት የጀመሩ ታካሚዎች የት ይጠፋሉ? እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ሥራ ላይ ለመዋል ቅርብ ነው።

ከምረቃ በኋላ

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ባለሙያውን ወደ ትልልቅ ከተሞች የመሳብ ባሕርይ አለው። የምርመራ መሣሪያው፣ የሥራ ባልደረባውና የተሻለው ገቢ ያሉት በዚያ ነው። በመኾኑም ባለሙያውን ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት የተመደበበት ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ኦክስጅንና ደም ከሌለው ዕውቀቱ ሥራ ላይ አይውልም። በኢትዮጵያ ተመራቂዎች "ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ" ማለትን ለምደዋል። ያ ሕዝብ በዕዳው ልክ እንዲታከም ተምሮ የሚመለሰው ባለሙያና እርሱን የሚቀበለው ሆስፒታል እኩል ዝግጁ ኾነው መገናኘት ይኖርባቸዋል።