ከንፈራሙ ዓሣና የፍራንክፈርቱ ሰው

ባለፈው ጥቅምት ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረው ዓሣ ሞተብኝ። ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ እንደ ልማዴ ወደ አኳሪየሙ ጎንበስ ብል፣ ከአለቱ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ርዝመቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ብደውልለት፣ «እትዬ፣ ለቅሶ ልድረስሽ ወይስ በስልክ ይበቃል?» አለኝ።

ይሳቅ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት አብሮ መኖር ግን ቀላል አይደለም። ነርስ ነኝ፤ ፍራንክፈርት ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ሥራዬ በአብዛኛው ሌሊት ነው። ሰው ተኝቶ እኔ የምነቃበት ሰዓት ላይ ያ ዓሣ እንዴት እንደሚተኛ አውቅ ነበር። ማታ ማታ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ከአፉ በሚወጣ ዝልግልግ ነገር ራሱን እንደ አጎበር ይሸፍናል። ንጋት ላይ አጎበሩን ጥሎ ይወጣል። መብራት ሳላበራ፣ በስልኬ ብርሃን ብቻ አይቼዋለሁ።

አሁን እሱን የሚተካ መምረጥ ነበረብኝ። ዘሩን ጀርመኖች «ሊፕፊሽ» ይሉታል፤ የከንፈር ዓሣ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ራስ» ነው የሚሉት፤ ይህን እንዳለ ብጽፈው አንባቢዬ ራስ ዓሊን ያስባል፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ በገዛ ቋንቋዬ ከንፈራም ብዬዋለሁ። ወፍራም ከንፈር፣ ወደ ፊት የወጡ ጥርሶች፣ በጎን ክንፎቹ የሚቀዝፍ ዓሣ ነው። ከአምስት መቶ የሚበልጥ ዓይነት አለው። ከጣት የማይበልጥ አለ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥም አለ።

ዓሣ ስመርጥ አንድ ልማድ አለኝ። በሳይንስ ስም አጻጻፍ ከዓሣው ስም ኋላ መጀመሪያ የገለጸው ሰው ስምና ዓመት ይከተላል። ሱቁ ውስጥ ሌላው ዋጋ ሲያይ እኔ በስልኬ ያንን እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በዚህ ልማዴ ነው ከቀይ ባሕር ከንፈራሞች ኋላ አንድ ስም ደጋግሞ ያጋጠመኝ፦ ሩፔል፣ 1835። ደግሞም የፍራንክፈርት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ የኔው ከተማ ሰው።

ከሱ በፊት የመጡትን ልጥቀሳቸው። የእንስሳትንና የዕፅዋትን የሳይንስ ስም ሥርዓት ያወጣው የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል በዴንማርክ ንጉሥ የተላከ ጉዞ አባል ሆኖ በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሣ። ቀይ ባሕር ላይ ያገኘውን ዓሣ ግማሽ ቆዳ ገፍፎ፣ አድርቆ፣ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ለጠፈው፤ ቆዳዎቹም እስከ ዛሬ ኮፐንሃገን ውስጥ ይገኛሉ። የዓሣ አጥማጆቹን የዓረብኛ ስም ሳይንቅ ሳይንሳዊ ስም አደረገው፤ ሐሪድ፣ ጎባን፣ ቦሃር የሚሉ ስሞች ዛሬም አሉ። እሱ ግን በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ከጓደኞቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የሟቹን ጽሑፍ በ1775 ያሳተመውም እሱ ነው። ከዚያ ሄምፕሪች የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም መጣ። እሱም በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። ገና ሠላሳ አልሞላውም።

ኤድዋርድ ሩፔል ግን ዘጠና ዓመት ኖረ። በ1794 ፍራንክፈርት ተወለደ፣ በ1884 እዚያው ሞተ። የሀብታም ልጅ ነው። የመጀመሪያው ጉዞው በግብጽ፣ በኑቢያና በቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር። ለሁለተኛው በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ደጋውን ወጥቶ፣ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ንጉሡ በስም፣ ሥልጣኑ በራስ ዓሊ እጅ። ሰውዬው ከዚያ የሰበሰባቸው የግዕዝ መጻሕፍት ዛሬ እኔ በትራም ስመላለስ በማልፈው የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደስ ማለቱንና ማናደዱን መለየት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የታተመው መጽሐፉ ነው ይበልጥ ያስገረመኝ። ከ1835 ጀምሮ በክፍል በክፍል የወጣ ነው፤ ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «የአቢሲኒያ የሆኑ አዳዲስ ባለ አከርካሪ እንስሳት» እንደ ማለት ነው። ጭላዳ ለሳይንስ የተዋወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ «ጌላዳ» ብሎ የጻፈው የኛኑ ስም እንደ ሰማው ነው። ዋልያም እዚያው አለ፤ «ዋሊ» ተብሎ። ገጹን ሲገልጡት ደግሞ የቀይ ባሕር ዓሣዎች ይመጣሉ። ከስሜን ገደል ቀጥታ ወደ ኮራል! ለሱ ሁሉም የአንድ አገር ነው፤ ዋልያውም ዓሣውም በአንድ ጥራዝ ተጠርዟል። ሥዕሎቹን በኮምፒውተር ሳገላብጥ ከሻዬ ይልቅ እነሱ ናቸው ያነቁኝ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሰየማቸው ከንፈራሞች አንዱ ዛሬ ናፖሊዮን የሚባለው ነው፤ ግንባሩ ላይ እንደ ባርኔጣ ያበጠ ጉብታ አለው። ከሁለት ሜትር ያልፋል። ለምግብ ሲባል ስለተሳደደ ከ2004 ወዲህ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የኔ አኳሪየም አራት መቶ ሊትር ይይዛል፤ ናፖሊዮን ቢገባበት መዞሪያም አያገኝ።

ሁለተኛውን ግን አንድ ጊዜ ተሳስቼ ገዝቼዋለሁ፤ አራት መስመር የሚባለውን። ልጅ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ገላው ላይ በየጎኑ ሁለት ደማቅ መስመር ይዘልቃል፤ የሌሎች ዓሣዎችን ገላ እየለቀመ ያጸዳል። ሻጩም «ሐኪም ነው፣ ሌሎቹን ያክምልሻል» ብሎ ሸጠልኝ፤ ነርስ እንደ መሆኔ ይህች ቃል ገዛችኝ። ስምንት ወር ያህል በሰላም አከመ። ሲያድግ ግን ሐኪምነቱን ትቶ ኮራሉን መብላት ጀመረ። ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፤ ሲጎለምስ ምግቡ ኮራል ነው። እኔ ነኝ ስሙንና ዓመቱን አንብቤ ጠባዩን ሳላነብ የገዛሁ። በመጨረሻ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ሰጠሁት።

ሦስተኛው በሩፔል ስም የተሰየመው ነው። ሰያሚው ክሉንዚንገር ይባላል፤ ከ1863 ጀምሮ በግብጿ ቁሰይር ወደብ ሐኪም ሆኖ የኖረ ሌላ ጀርመናዊ። በ1871 አንዱን የቀይ ባሕር ከንፈራም ለቀዳሚው መታሰቢያ አደረገለት። አረንጓዴና ሮዝ፣ ለዓይን የሚያሳሳ ዓሣ ነው። ጠባዩ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ቀድመው የነበሩትን ሁሉ ያሳድዳል። ሱቁ ውስጥ በመስታወቱ በኩል ተያየን፤ አለፍኩት።

እንግዲህ የፍራንክፈርቱ ሰው ከንፈራሞች ለኔ አልሆኑኝም። ለምን ይሆን እያልኩ በየሌሊት ተረኛነቴ ሳብሰለስል አባቴ ትዝ አሉኝ።

አባቴ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ ጉርጉሱም ይወስዱን ነበር። አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ውሃውም ከቡና ቤት ሻይ ብዙ አይርቅም። ጓደኞቻቸው በመንጠቆ ዓሣ ሲያወጡ ስሙ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። «ዓሣ ነዋ» ይሉኛል። የደጋ ሰው ናቸው፤ ዓሣ ለሳቸው አንድ ነገር ነው፣ ይጠበሳል። እኔ ያኔ የማውቀው በመንጠቆና በመረብ የወጣውን፣ ማለትም ትልቁን ብቻ ነበር።

ሩፔልም እንደዚያው ነበር። ፎርስኮልም፣ ክሉንዚንገርም። ዓሣ የሚያገኙት በአብዛኛው ከአጥማጆች እጅና ከገበያ ነው፤ አጥማጅ ደግሞ የሚበላ ይፈልጋል። ስለዚህ የድሮዎቹ መጻሕፍት በድስት የሚገቡ ዓሣዎች ይበዙባቸዋል። ከባሕሩ ገደል ሥር፣ የኮራል ስብርባሪ ላይ በመንጋ የሚኖረውን ጣት የምታህል ዓሣ መንጠቆ አይዛትም፣ መረብም አይደርስባትም። (የሞተብኝ ዓሣ፣ ስድስት መስመር የሚባለው፣ ይህን ሐሳቤን ያፈርስብኛል፤ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብሊከር የሚባል የደች ጦር ሐኪም በ1857 ገልጾታል። ግን እሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ኮራል ቅርንጫፍ ውስጥ የሚሸሸግ ነው፤ ሳይጠልቁም ይገኛል።)

ባሕሩን ከፍቶ ያሳየው የአየር ጠርሙሱ ነው። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን የመጥለቂያ መሣሪያቸውን የሠሩት በ1943 ነው። በ1950 ገደማ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ፖርት ሱዳን አካባቢ እየጠለቀ ፊልም ቀረጸ፤ በ1951 ኩስቶ ካሊፕሶ የምትባለውን መርከቡን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር መጣ። በ1955 ደግሞ ፉርማኑዋር የሚባል ፈረንሳዊ ስምንት መስመር ያላትን ትንሽ ከንፈራም ገለጸ። በ1974 ስፕሪንገርና ራንዳል የተባሉ አሜሪካውያን ከዚያው ባሕር ሁለት ትናንሽ ከንፈራሞችን ጨመሩ። ከፎርስኮል ሞት ሁለት መቶ ዓመት አልፏል።

ከዚያም ሱቅ ደረሱ። ይህ የንግዱ ታሪክ ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ። የባሕር ዓሣን በመስታወት ቤት ማየት ከ1850ዎቹ የለንደን ፋሽን የጀመረ ነው። በ1869 በርሊን ላይ ትልቅ አኳሪየም የከፈተው አልፍሬድ ብሬም ነበር፤ ሰውዬው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የአንድ ጀርመናዊ መስፍን ተከታይ ሆኖ ምጽዋ ደርሶ ተመልሷል። ቤት ውስጥ ማኖር ግን በከረጢት የሚሸጥ ጨውና የጭነት አውሮፕላን እስኪመጣ የጥቂቶች ነገር ነበር። የምጽዋም ዓሣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላስቲክ ከረጢት ሕያው ሆኖ አውሮፓ መላክ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሱስ ገና አልያዘኝም።

እኔ የፉርማኑዋርን ዓሣ መረጥኩ። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀይ ብርቱካናማ ገላ ላይ ስምንት ሐምራዊ መስመር፤ ኮራል አይነካም፣ ጠብ አይወድም። ወንዱ ሴት ሲያይ ክንፉን ዘርግቶ ቀለሙን እንደ መብራት ያበራል። የነዚህ ዓሣዎች ነገር ደግሞ አስቂኝ ነው፤ ወንዱ ሲሞት ከሴቶቹ ትልቋ ወንድ ሆና ትተካለች። ለወንድሜ ብነግረው «አልጋ ወራሿ ከቤት አለች በያ» አለኝ።

አንድ ወንድና ሁለት ሴት አመጣሁ። ከቀይ ባሕር የመጡ ናቸው፤ የዚያ ውሃ በሊትር አርባ ግራም ያህል ጨው አለው፣ የኔ ሠላሳ አምስት። ስለዚህ ውሃዬን በጠብታ በጠብታ እየጨመርኩ ሁለት ሰዓት አለማመድኳቸው። ነባሮቹ እንዳያጠቋቸው፣ በተለይ ቢጫዋ ዓሣዬ ክፉ ናት፣ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ አድርጌ አምስት ቀን ሰቀልኳቸው። ቢጫዋ ሁለት ቀን ሣጥኑን ስትዞር ከረመች። በሦስተኛው ቀን ሰለቻት። ያው የድሮው ሟች በሕይወት ቢኖር ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልረዳኝም ነበር፤ ቦታ የያዘ ስድስት መስመር ሌላ ከንፈራም አያስጠጋም። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን እያማረኝ ያልገዛሁት በሱ ምክንያት ነው።

በስድስተኛው ቀን ከሥራ ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩት። ሴቶቹ ወዲያው አለቱ ውስጥ ጠፉ። ወንዱ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ መስታወቱ ላይ የራሱን ጥላ አየ መሰለኝ፣ ክንፉን በአንድ ጊዜ ዘረጋው። ለወንድሜ በስልክ አሳየሁት።

«የምጽዋ ነው?» አለኝ።

«በግብጽ በኩል ነው የመጣው።»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አባባ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር?» አለ።

«ዓሣ ነዋ!» አልን ባንድ አፍ።

ስልኩን ዘግቼ መረቡን ከአኳሪየሙ አፍ ላይ ወጠርኩት። እነዚህ ዓሣዎች ሲደነግጡ ይዘላሉ፤ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ መገኘት አለ። አራቱንም ማዕዘን በጣቴ ተጭኜ አየሁና መጋረጃውን ስቤ ተኛሁ።