በዚያ ስም አላውቃትም

ነገሩ የጀመረው ከሜሪላንድ በመጣ ስልክ ነው። እዚያው ተወልዳ የምታድገው የእህቴ ልጅ፣ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ፣ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። ዛፍ የተሳለበት አንድ ገጽ ነው፤ ከግንዱ ሥር የእሷ ስም፣ ከላይ ሁለት ሳጥን፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት። በየሳጥኑ ስም፣ የትውልድ ዘመንና «ከየት የመጣ» የሚል መስመር አለ። መምህሯ ስለ መጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ቤተሰቦች አስተምራቸዋለች፤ በፈረንጆቹ 1620 ሜይፍላወር በምትባል መርከብ 102 መንገደኞች ባሕር ተሻግረው እንደመጡ፣ ዛሬም ድረስ «እኔ የእነዚያ ዘር ነኝ» የሚል ሰው በወረቀት አስመስክሮ የሚገባበት ማኅበር እንዳለ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፣ «አጎቴ፣ እኛስ በየትኛው መርከብ ነው የመጣነው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ አልቆየም። ከስምንቱ የላይኛው ሳጥኖች አራቱ የእኔም አያቶች ናቸው። ከአራቱ ደግሞ ሁለቱን፣ ሐዋሳ ላይ ጎጆ ቀልሰው አባቴን የወለዱትን፣ ከስማቸው አልፌ አላውቃቸውም። ስማቸውንም ቢሆን በቅጡ አላውቀውም ነበር፤ ይህ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። የአያቴ የቆርቆሮ ሳጥን በእኔ እጅ ቀርቷል፤ ከአልጋ ሥር ነበር። ከፈትኩት። ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ከጦር ሠራዊት የተሰናበተበትን ወረቀት፣ ሐዋሳ ላይ የቤት ቦታ የተሰጠበትን ደብዳቤ፣ በክር የታሰረ የግብር ደረሰኝ፣ የደርግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ፣ እና ጠርዙን አይጥ የበላው አንድ ዳዊት ነው።

ዘሩን በወረቀት ለሚፈልግ ሰው የእኛ ሀገር ገና ከመነሻው ይፈትናል። የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፣ አባቴ በአባቱ፤ ሁለት ትውልድ ሲያልፍ ከወረቀት ላይ እንጠፋለን። ሕጉ ይህን ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በቁጥር 32 ሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም አለው ይላል፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብም አቋቁሟል። ወደ መጨረሻው፣ በቁጥር 3361፣ ያንኑ መዝገብ «እስኪታዘዝ ይቆይ» ብሎ አገደው። ቆየ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ 56 ዓመት መሆኑ ነው። የቤተ ዘመድ ስሙ እስከ ዛሬም አልመጣም።

ሐዋሳም ከተማ ሆና ተቆረቆረች የሚባለው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በከተማዋ የመጀመሪያ አምስት ዐሥርት ዓመታት የተወለደ ሰው፣ አባቴንም እኔንም ጨምሮ፣ ሲወለድ በመንግሥት መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ክርስትና የተነሣበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የተወለደበት ሆስፒታል ካልመዘገበው በቀር፣ ዕድሜው እናቱ የምታስታውሰው ነው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳስተያያቸው አያቴ ሦስት አባት ያለው ሆኖ ተገኘ። በስንብት ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም አንድ ነው፤ በቦታው ደብዳቤ ላይ ሌላ። በዳዊቱ የመጨረሻ ገጽ፣ ቀለሙ በደበዘዘ የቄስ ጽሕፈት፣ የራሱም የአባቱም ስም «ወልደ» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛውን መረዳት አይከብድም፤ የክርስትና ስም ነው። የእኛ ሰው በዓለም አንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን ሌላ ስም አለው፤ ለነፍሱ ፍትሐት ሲደረግለት የሚጠራውን ስም ጎረቤቱ ሳያውቀው አብሮት አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል። የቀሩት ሁለቱ ግን እንቅልፍ ነሱኝ። ከዳዊቱ ላይ የደብሩን ስም ቀድቼ ወደ መንዝ ሄድኩ።

ስለ መንዝ መንገድ ማውራት ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለውን ብርድ እንጂ ሌላ ብዙ አላስታውስም። መሐል ሜዳ አድሬ በማግስቱ ባና የደረቡ አንድ አረጋዊ ዘንድ ወሰዱኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአያቴን ስምና የስንብት ወረቀቱ ላይ ያለውን አባቱን ነገርኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እንደ ጸሎት ቆጠሩ፤ ከአያቴ አባት ተነሥተው ሰባት ስም፣ ከዚያ «...ጌራ» አሉና ዐይናቸውን ገለጡ።

መንዝን የሚያውቅ አንባቢ ጌራ ማን እንደሆነ ይገባዋል። አገሩ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብሎ የተከፈለው በሦስት አቅኚ አባቶች ስም ነው። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስመስከር ነበር፤ አጽመ ርስት የተባለውም ለዚህ ነው። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ወንድም ሴትም ይወርሳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ዕውቀት፣ ትልቁ ሀብቱ፣ የአያቶቹ ስም ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ» ብሎ እስከ አቅኚው ካላደረሰ መሬቱን ሌላ ይወስደዋል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አለ፤ ለርስት ግን ከሰባትም ያልፋል።

እርግጥ ቆጠራው ላይ ጥርጣሬ አለኝ። አንዱን ትውልድ በ30 ዓመት ብናሰላ ሰባት ስም 210 ዓመት ነው፤ ጌራ ከዚያ ይርቃል። መካከል ላይ የተዘለለ አለ ማለት ነው፣ ምናልባት ክርክር ያላሸነፈ፣ ወይም ልጅ ያልወለደ። ይህን ለአረጋዊው ስነግራቸው አልተቆጡም። «የሚከራከር ቢኖር ኖሮ አይዘለልም ነበር» አሉኝ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ርስት ቀረ፤ መሬት የሕዝብ ሆነ። «ልጆቼ አይቆጥሩም። ቢቆጥሩስ ምን ያገኛሉ?»

የሁለቱ አባቶች ጉዳይም እዚያው ተፈታ። በቦታው ደብዳቤ ላይ ያለው ስም የአጎቱ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶ ያሳደገው እሱ ነበር። ርስቱ ለብዙ ወራሽ ተሸንሽኖ አንድ ጥማድ በሬ የማያዞር ሲሆን፣ አያቴ ከጠላት መባረር በኋላ ወታደር ሆኖ ከአገሩ ወጣ። በሠራዊት ውስጥ አባቱን ጻፈ፤ ሲሸመግልና ቤት ሲሠራ ያሳደገውን። ለምን እንደቀየረው የሚነግረኝ የለም። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ግን ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ። ከተማዋ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል በጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮች ነበሩ፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ከይርጋዓለም ወደዚህ ተዛወረ። የአያቴ ደብዳቤ ከዚያ ዘመን ነው። ማዕረግ፣ ስም፣ የቦታው ስፋት፣ ክብ ማኅተም። ሰባት ስም መቁጠር አላስፈለገውም። ሰነዱን አንድ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አዋሳኞቹን የሚዘረዝረውን መስመር ግን ልብ ያልኩት ከመንዝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። በምሥራቅ መንገድ፣ በሰሜን የእገሌ ቦታ፣ በደቡብ የእገሌ ቦታ ይልና፣ በምዕራብ «ጠፍ መሬት» ይላል።

ወረቀቱን ኮፒ አድርጌ አሞራ ገደል ይዤው ሄድኩ። እዚያ በየጠዋቱ የማይጠፉ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ አሉ፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። የሐዋሳ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ጠዋት ይገባሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላዋ ይበልታሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው አንጀቱ እስኪወረወር ይጠብቃሉ፤ ከላይ ከዛፉ ጉሬዛዎቹ ያያሉ። እኔ የዓሣ ሾርባ አዘዝኩ፤ ጋሼ ሻይ። «በእኛ ቤት ዓሣ አይበላም ነበር፤ አሁንም አልለመድኩትም፤ የምመጣው ለሐይቁ ነው» ይላሉ ሁልጊዜ።

«ጠፍ መሬት» የሚለውን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «ጠፍ እኮ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «የአባቴ ከብቶች እዚያ ነበር የሚውሉት። አዳሬ ነው ስሙ።» አልጮኹም፤ የተሳሳተ ፊደል እንደሚያርም ሰው ነበር የተናገሩት። አዳሬ የሚለው ስም ዛሬም በከተማዋ አለ፤ ሆስፒታል ይጠራበታል። ከብት ሲግጥበት የነበረ መሬት ስም መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያሰብኩት።

ቀጥለው የራሳቸውን ቆጠሩልኝ። ያለ ወረቀት፣ ያለ ማመንታት፣ ከመንዙ አረጋዊ የበለጠ ስም። ዘመኑን የሚያስሩት በሉዋ ነው፤ አምስት የዕድሜ እርከን፣ ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳ፣ ሞጊሳ፣ በየሰባት ዓመቱ ሥልጣን እየተቀባበሉ በ35 ዓመት የሚዞሩ። «አባቴ በእገሌ ሉዋ ተወለደ፣ ወታደሮቹ በእገሌ ሉዋ መጡ» ሲሉ እኔ በናፕኪን ላይ እደምርና እቀንስ ነበር። ከሁሉም በላይ ቡሼና ማልዴአ አሉ፤ የሲዳማ አባቶች ተብለው የሚነገሩት፣ በትውፊቱ ከደቡብ ከዳዋ ወንዝ አካባቢ የመጡት። «እኛም መጥተን ነው» አሉና ሳቁ። «ግን በእግር ነው፤ መርከብ የለንም።» የእህቴን ልጅ ነገር ነግሬያቸው ነበር።

ያን ማታ የልጅቷን ትምህርት ተከትዬ ስለ አሜሪካ መዝገብ አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1850 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ነፃ ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተመዘገበ። ባሮቹ ሌላ ቅጽ ነበራቸው፤ የጌታው ስም ከላይ፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። በ1860ም እንዲሁ። ጥቁር አሜሪካዊው በጅምላ በስሙ የተጻፈው በ1870 ነው፤ ዘሩን ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ዓመት ላይ እንደ ግድግዳ ይገጨዋል። በ1862 ደግሞ ለሠፋሪ 160 ኤከር መሬት የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማና ቀን ዛሬም ይገኛል። ቀድሞ እዚያ የነበረውን ሕዝብ በዚያ ፋይል ውስጥ የሚፈልገው አያገኘውም። የእኛ ከዚያ ጋር አንድ ነው አልልም። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ በደቡቡ አገር ለወታደር እንደየማዕረጉ ገባር በቁጥር ይመደብለት እንደነበር ግን የታወቀ ነው፤ ለባሻው ይህን ያህል፣ ለሻለቃው ይህን ያህል። የወታደሩ ስም አለ፣ የገባሩ ቁጥር አለ።

ይሄን ሁሉ ስል ስለ ሌላ ሰው የማወራ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ፣ «የአባትህን አባት ቆጠርክ፤ የአባትህ እናትስ?» አሉኝ። አያቴን የማውቃት በአንድ ስም ብቻ ነው፤ ዳዊቱ ላይ፣ ከአባቴ የክርስትና ስም ጎን፣ «እናቱ ወለተ» ብሎ የሚቀጥለው። ጎረቤትም በዚያው ይጠራት ነበር። በስንብት ወረቀቱ የለችም፣ በቦታው ደብዳቤ የለችም፣ በአንድም ደረሰኝ ላይ የለችም። የዚህ አገር ልጅ እንደነበረች አባቴ ይናገር ነበር፤ ሲዳምኛ ትናገር እንደነበር፣ ቡርሳሜዋን ማንም እንደማይደርስበት። ክርስትና የተነሣችው አያቴን ስታገባ ነው።

ስሟን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚያ ስም አላውቃትም» አሉ። «እሱ እናንተ ያወጣችሁላት ነው። አባቷ ማን ብሎ ጠራት?»

ይርጋዓለም ያለችውን አክስቴን ደወልኩላት፤ የቀረችን እሷ ናት። ብዙ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ አንድ ነገር አስታወሰች። ልጅ ሆና፣ የእናቷ ወንድሞች ለፊቼ በዓል ከገጠር ሲመጡ ወደ ግቢ አይገቡም ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመው በሌላ ስም ይጠሯታል። አጭር ስም ነው። እናቷ የያዘችውን ጥላ ሮጣ ትወጣ ነበር። «እንደዚያ ስትሮጥ ሌላ ጊዜ አይቻት አላውቅም» አለችኝ። ስሙ ግን አልመጣላትም። ወንድሞቿ በቱላ በኩል ነበር የሚመጡት፣ ይህንን ታውቃለች።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷን አስረክባለች። ሰባቱን ሳጥን ሞላች፤ ስምንተኛው ላይ የክርስትና ስሙን በእርሳስ ጻፊው አልኳት፣ በእስክሪብቶ አይሁን። «ከየት የመጣች» በሚለው መስመር ላይ፣ «አልመጣችም፤ እዚያው ነበረች» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋለች። እኔ አይደለሁም ያልኳት።

ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ወደ ቱላ እንሄዳለን። ዳዊቱን ልያዝ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ተወው፤ አክስትህን ይዘህ ና፤ ፊቷን ይዩት» አሉኝ።